የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ ባንክ ከገባ በኋላ ማን ሊነካው ይችላል?

«የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ አይነካም» የሚለውን አሜሪካ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰምቶታል። ዕዳ ያለበት ይጽናናበታል፣ የሌለበት ሌላውን ይመክርበታል። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። የማይነካው በማን ነው? በክሬዲት ካርድ ድርጅት? ገንዘቡ በተቀመጠበት ባንክ? በመንግሥት? ሕጉ ለሦስቱም የተለያየ መልስ አለው። ሰው ሳያስበው የሚጎዳውም ከሩቁ አበዳሪ ይልቅ ገንዘቡን አምኖ ባስቀመጠበት ባንክ ነው።

መነሻው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ክፍል 207 ነው። የጡረታም ሆነ የአካል ጉዳት ክፍያ በፍርድ ማስፈጸሚያ፣ በእግድ ወይም «በሌላ ሕጋዊ ሂደት» ሊወሰድ አይችልም ይላል። ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ኤስ ኤስ አይም እዚሁ ጥላ ሥር ነው። የቀድሞ ወታደሮች፣ የባቡር ሠራተኞችና የፌዴራል መንግሥት ጡረተኞች ደግሞ የየራሳቸው ተመሳሳይ ሕግ አላቸው።

ታዲያ ገንዘቡ ባንክ ሲገባስ? ከመንግሥት እጅ ከወጣ በኋላ እንደማንኛውም ገንዘብ አይሆንም ወይ? ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኒው ጀርሲ ውስጥ የኤሴክስ ካውንቲ የእርዳታ ቦርድ ለአንድ ሰው ሲከፍል የቆየውን እርዳታ፣ ሰውየው ከጊዜ በኋላ ካገኘው የአካል ጉዳት ውዝፍ ላይ ልቁረጥ ብሎ ጠየቀ። ውዝፉ 1,864 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነበር፤ ባንክ ውስጥ ተቀምጧል። ፍርድ ቤቱ አይቻልም አለ። ገንዘቡ ባንክ ስለገባ ጥበቃው አይቀርም፣ ጠያቂው የመንግሥት አካል ቢሆንም ለውጥ የለውም ብሎ ወሰነ።

በወረቀት ላይ ጉዳዩ እዚህ ያለቀ ይመስላል። በተግባር ግን ገና ነበር።

ትእዛዙ ከውጭ ሲመጣ

አንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ከሶ ይረታል እንበል። አብዛኛውን ጊዜ የሚረታው ተከሳሹ ስላልቀረበ ነው፤ መጥሪያው በእንግሊዝኛ መጥቶ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ከማስታወቂያ ጋር ተቀላቅሎ ቀርቷል። ድርጅቱ ፍርዱን ይዞ ወደ ባንክ ይሄዳል፣ የባለዕዳውን አካውንት ያሳግዳል።

ድሮ ባንኩ ትእዛዙ ሲደርሰው አካውንቱን እንዳለ ይቆልፍ ነበር። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማየት የእኔ ሥራ አይደለም ይላል። አዛውንቷ ፍርድ ቤት ሄደው «ይሄ ጡረታዬ ነው» ብለው እስኪያስረዱ ሳምንታት ያልፋሉ። እስከዚያ የቤት ኪራይ ቼኩ ይመለሳል፣ በተመለሰ ቁጥር ቅጣት ይጨመራል። ሕጉ ገንዘቡ አይነካም እያለ ሰዎች መድኃኒት መግዣ ያጡ ነበር።

ይህን ያስቀረው ከግንቦት 2011 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል ደንብ ነው። አሠራሩን በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚያድነውም የሚያጋልጠውም ዝርዝሩ ነው።

የአካውንታችሁን መግለጫ ብታዩ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ የገባበት መስመር ላይ ከአጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፊት ሁለት የኤክስ ፊደላት ተያይዘው ታገኛላችሁ። ሰው የጽሕፈት ስህተት ይመስለዋል። ስህተት አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘቡን ሲልክ የሚያደርግበት ምልክት ነው። ባንኩ ያንን ሲያይ «ይህ የተጠበቀ ክፍያ ነው» ብሎ ይለያል።

የእግድ ትእዛዝ ሲመጣ ባንኩ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ አካውንቱን መመርመር አለበት። ሁለት ወር ወደኋላ ሄዶ ምልክቱ ያለበትን ገቢ ሁሉ ይደምራል። ድምሩን ከዕለቱ ቀሪ ሂሳብ ጋር ያስተያያል። ከሁለቱ ያነሰው «የተጠበቀ መጠን» ይባላል። እሱን ማገድ አይችልም፤ ባለቤቱ እንደወትሮው ያወጣል፣ ይከፍላል። ከዚያ ገንዘብ ላይ የእግድ ማስፈጸሚያ ክፍያም መቁረጥ ክልክል ነው። ባለቤቱ ምንም መጠየቅ፣ ምንም ማስረዳት አይጠበቅበትም።

በቁጥር እንየው። አንዲት እናት በየወሩ 1,200 ዶላር ይገባላቸዋል። በሁለት ወር 2,400 ማለት ነው። ትእዛዙ ሲመጣ አካውንቱ ላይ 3,100 ዶላር ካለ፣ 2,400ው ይተርፋል፣ 700ው ይታገዳል። 900 ዶላር ብቻ ካለ ደግሞ ሁሉም ይተርፋል። የታገደ ትርፍ ካለ ባንኩ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ማስታወቂያ መላክ አለበት። ያ ደብዳቤ ሲመጣ መጣል የለበትም፤ 700ው ዶላር ራሱ ከጡረታ የተጠራቀመ ሊሆን ይችላልና። ከሁለት ወር በፊት የገባ ቢሆንም የክፍል 207 ጥበቃ አልተነሳም። ልዩነቱ ባንኩ በራሱ የማያድነው መሆኑ ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ «ነፃ ነው» ብሎ መጠየቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ለዚህ የሚሰጠው ቀን እንደየስቴቱ ይለያያል፣ በአጠቃላይ ግን አጭር ነው።

አሁን ወጥመዱ። ባንኩ የሚመረምረው አካውንት በአካውንት ነው። ገንዘቡ ወደ ቼኪንግ ገብቶ እናትየው 800 ዶላሩን ወደ ሴቪንግ ካዞሩት፣ ሴቪንጉ ላይ የኤክስ ምልክት የለም። ባንኩ ዱካውን ተከትሎ አይሄድም። ስለዚህ 800ው ሙሉ በሙሉ ሊታገድ ይችላል። «ለክፉ ቀን» ተብሎ የተቀመጠው ገንዘብ ነው የሚያዘው። በካሽ አውጥቶ መልሶ ማስገባትም ምልክቱን ያጠፋል። በወረቀት ቼክ የሚመጣውም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ግን ቼክ የሚላክለት ሰው ጥቂት ነው። የሥራ አጥ ክፍያ ከስቴት ስለሚመጣ በዚህ ደንብ አይሸፈንም።

የጋራ አካውንትስ? ልጅ ከእናቱ ጋር ስሙን ማስገባቱ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ባንኩ በምርመራው ጊዜ የጋራ መሆኑን አይቆጥርም፤ የእናትየው ገቢ ምልክት ስላለው የሁለት ወሩ ይጠበቃል። ልጁ የራሱን ደመወዝ እዚያው ካስገባ ግን፣ ከተጠበቀው መጠን በላይ ያለው ሁሉ ለእግድ ክፍት ነው። ኤስ ኤስ አይ የሚቀበሉ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው የንብረት ጣሪያ 2,000 ዶላር ነው፤ መሥሪያ ቤቱም በጋራ አካውንት ያለውን ገንዘብ፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ የእናትየው ነው ብሎ ይይዘዋል። ልጅ ለመርዳት ብሎ ያስገባው ገንዘብ ክፍያቸውን ሊያስቆም ይችላል።

በነገራችን ላይ በ2025 የአንድ ሰው የፌዴራል ኤስ ኤስ አይ ከፍተኛው ክፍያ በወር 967 ዶላር ነበር። የሁለት ወሩ 1,934 ይመጣል። ጣሪያውን ሳያልፍ፣ ገንዘቡን በገባበት አካውንት ላይ የተወ ሰው ሁሉም ሊባል በሚችል ደረጃ ተጠብቆለታል ማለት ነው።

ባንኩ ራሱ ሲወስድ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠጥረው። የ2011ዱ ደንብ የሚናገረው ከፍርድ ቤት ስለሚመጣ ትእዛዝ ነው። ባንኩ ለራሱ ዕዳ በራሱ እጅ ሲቆርጥ አይመለከተውም። ባንኮች ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የማቻቻል መብት አላቸው፤ አንተ ከእኔ ተበድረሃል፣ ገንዘብህ እኔ ጋ ነው፣ እወስዳለሁ ማለት ነው። ክስ የለ፣ ዳኛ የለ።

ዕዳው የክሬዲት ካርድ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ከ1974ቱ የክሬዲት ክፍያ ሕግ ጀምሮ ካርዱን የሰጠው ባንክ የካርድ ዕዳን እሱው ዘንድ ካለ አካውንት ላይ በራሱ ሥልጣን መቁረጥ ክልክል ነው። ይህ ለጡረተኛ ብቻ አይደለም፤ ደመወዝተኛም ይጠበቃል። ግን በየወሩ በራሱ እንዲቆረጥ በጽሑፍ ከፈቀዳችሁ ወይም አካውንቱን መያዣ ካደረጋችሁ አያድንም። ባንኩ ከስሶ ፍርድ ካመጣም መንገዱ ሌላ ነው።

ዕዳው የመኪና ወይም የግል ብድር ከሆነስ? የት እንደምትኖሩ ይወስናል። ዴንቨር ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ኮሎራዶንና ጎረቤቶቿን የሚያዳኘው ማለት ነው፣ በ1998 አንድ ክሬዲት ዩኒየን ለብድሩ ብሎ ከአባሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ መቁረጡ ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ሕጉ በፍርድ ቤት በኩል እንኳ እንዳይወሰድ የከለከለውን፣ አበዳሪው ያለ ፍርድ ቤት እንዴት ይወስዳል? አመክንዮው ይህ ነው፣ ለእኔም ያሳምነኛል። ባንኮች በበኩላቸው የሚይዙት ክር አላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 በሌላ ጉዳይ ላይ «ሌላ ሕጋዊ ሂደት» የሚለው የፍርድ ቤት መልክ ያለውን አሠራር ብቻ ነው ብሎ አጠበበው። ስለዚህ በራስ መዝገብ ላይ መቀነስ «ሂደት» አይደለም ብለው ይከራከራሉ።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ቀድማ ነበር። በ1974 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዌልስ ፋርጎ የአንዲት ደንበኛን የሥራ አጥና የአካል ጉዳት ክፍያ ለካርድ ዕዳ ማዋሉን ከልክሏል። ክፍያው ለእንጀራ ነው፣ ባንክ ስለገባ ዓላማው አይለወጥም በሚል። ዛሬም የስቴቱ ሕግ ባንክ ሲያቻችል የደንበኛው ድምር ሂሳብ ከ1,000 ዶላር በታች እንዲወርድ አይፈቅድም።

ይሁንና ያው የካሊፎርኒያ ሕግ አንድ ቀዳዳ ትቷል። «ዕዳ» ሲል ኦቨርድራፍትን፣ ማለትም ካለው በላይ ሲወጣ የሚፈጠረውን ጉድለት፣ እና የባንክ አገልግሎት ክፍያን አይጨምርም። በዚያ ቀዳዳ ትልቅ ክርክር አልፏል።

ባንክ ኦፍ አሜሪካ በደንበኞቹ የተከሰሰበት የሚለር ጉዳይ ነው። ከሳሾቹ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ፣ ክፍያቸው ከመንግሥት በዳይሬክት ዲፖዚት የሚገባላቸው ሰዎች ነበሩ። አካውንታቸው ከዜሮ በታች ሲወርድ ባንኩ ቀጥሎ ከሚገባው ጡረታ ላይ ጉድለቱንም ቅጣቱንም ይቆርጣል። በ2004 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለደንበኞቹ ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ሻረው። በ2009 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለባንኩ አጸናው። ምክንያቱን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ለካርድ ዕዳ ከቼኪንግ መውሰድ ሁለት የተለያየ ሂሳብን ማቻቻል ነው፤ በአንድ አካውንት ውስጥ የወጣውን ከገባው ጋር ማስላት ግን ሂሳብ መያዝ ብቻ ነው። የፌዴራሉ ዘጠነኛ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2002 ዋሽንግተን ሙቿል የተባለው ባንክ በተከሰሰበት ጉዳይ ወደዚያው አዘንብሏል፤ ደንበኛው አካውንቱን ሲከፍት ውሉን ተስማምቶ ነው ብሎ። ይህ ፍርድ ቤት ሲያትልን፣ ሎስ አንጀለስንና ላስ ቬጋስን ያጠቃልላል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ልዩነት ለጠበቃ ይጥማል እንጂ ለተቆረጠበት ሰው አይገባም። አካውንቱ 180 ዶላር ጎድሏል፣ ቅጣት 35 ዶላር አለ፣ 967 ዶላር ኤስ ኤስ አይ ይገባል። ወዲያው 752 ቀረ። በኪራይ ቀን 215 ዶላር የጠፋበት ሰው «ሂሳብ መያዝ ብቻ ነው» ቢባል ምን ይጠቅመዋል? የወጣውን 180 ዶላር ባንኩ ቢመልስ ይሁን፤ ሰውየው ተጠቅሞበታል። ቅጣቱ ከተጠበቀ ገንዘብ ላይ መቆረጡ ግን አሁንም አይዋጥልኝም። ሕጉ ግን ለጊዜው እንዲህ ነው።

መከላከያው ከፍርድ ቤት ይልቅ ከቅርንጫፉ ይገኛል። ከ2010 ጀምሮ ባንክ በኤ ቲ ኤምና በአንድ ጊዜ የካርድ ግዢ ላይ የኦቨርድራፍት ክፍያ ማስከፈል የሚችለው ደንበኛው አስቀድሞ ከፈቀደ ብቻ ነው። ብዙ ሰው አካውንት ሲከፍት ከሚፈርማቸው ወረቀቶች መሃል ፈቅዶ ይወጣል። ፈቃዱ በማንኛውም ጊዜ ይነሳል። ቅርንጫፍ ሄዶ ወይም ደውሎ «ኦቨርድራፍት አልፈልግም» ማለት ይበቃል። ካርዱ ገንዘብ ከሌለ እምቢ ይላል፣ ያ ነው። ቼክና በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ ግን በዚህ አይሸፈኑም። በየወሩ የሚቆረጠውን ለማስቆም ከመቆረጡ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን በፊት ለባንኩ መንገር ነው። ቅጣቱም ከባንክ ባንክ ይለያል። ባንክ ኦፍ አሜሪካ ራሱ በ2022 ከ35 ዶላር ወደ 10 አውርዶታል፣ ጨርሰው የተዉትም አሉ።

መንግሥት ሲጠይቅ

ይህን ባጭሩ። የልጅ ማሳደጊያ ያልከፈለ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታው ሊቆረጥ ይችላል፤ ኤስ ኤስ አይው ግን አይነካም። የታክስ ዕዳ ካለ አይ አር ኤስ ከወርሃዊው ክፍያ እስከ 15 በመቶ ሊወስድ ይችላል። ለሌላ የፌዴራል ዕዳም ገደቡ 15 በመቶ ነው፣ በወር 750 ዶላር ግን ሊቀር ይገባል። ኤስ ኤስ አይ ከነዚህም ነፃ ነው። ለባንክ የተላከው የእግድ ትእዛዝ ከፌዴራል መንግሥት ወይም ከስቴት የልጅ ማሳደጊያ መሥሪያ ቤት መሆኑን የሚገልጽ ልዩ ማስታወቂያ ከተያያዘበት፣ ባንኩ የሁለት ወሩን ምርመራ ትቶ ትእዛዙን ይፈጽማል።

ሞትም አለ፣ መናገሩ ባይቀልም። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ሰው ለሞተበት ወር አይከፈልም፤ ክፍያው ደግሞ የሚገባው ባለፈው ወር ስም ነው። እናት ግንቦት 30 ቢያርፉ ሰኔ ላይ የሚገባው የግንቦቱ ነው፣ ስለዚህ ይመለሳል። ግምጃ ቤቱ ባንኩን ይጠይቃል፣ ባንኩ ከአካውንቱ ይመልሳል። ለለቅሶ ወጪ ተብሎ ከወጣ ጣጣው በኋላ ይመጣል። አለመንካት ነው።

አካውንቱ አሁን ጎድሎ ከሆነ

መጀመሪያ ቅርንጫፉን አነጋግሩ። ቅጣቱን እንዲያነሱ፣ ጉድለቱን ከፋፍለው እንዲቀበሉ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙዎቹ አንድ ሁለት ቅጣት ይሰርዛሉ። ካልሆነ ሌላ ባንክ አዲስ አካውንት ከፍቶ ጡረታው ወደዚያ እንዲገባ ማድረግ ነው። ያኔ የድሮው ባንክ ዕዳውን እንደማንኛውም አበዳሪ ይጠይቃል እንጂ ከምንጩ አይጠልፍም። ለውጡ አንድ ሁለት ወር ሊወስድ ስለሚችል አዲሱ ላይ ገንዘብ ገብቶ እስኪታይ የድሮውን አትዝጉት። ሌላው አማራጭ ዳይሬክት ኤክስፕረስ የሚባለው የግምጃ ቤቱ ካርድ ነው፤ የባንክ አካውንት አያስፈልገውም።

አዲሱ አካውንት ላይ ጡረታው ብቻ ይግባበት። የልጅ ደመወዝም፣ የእቁብ ገንዘብም፣ ከዘመድ የመጣ ዜልም ሌላ ቦታ ይሁን። ገንዘቡን ወደ ሴቪንግ አታዙሩት።

የሚገባበትን ባንክ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ባለው የግል አካውንት መቀየር ይቻላል፤ ለመጠየቅ በ1-800-772-1213 ይደወላል። ስልኩን ያነሳው ሰው በእንግሊዝኛ ሲጀምር «አምሃሪክ» በሉት። አስተርጓሚው በነፃ ነው፤ ልጅን ከሥራ አስቀርቶ ማምጣት አያስፈልግም።